አርባ ሆኖ ተጀምሮ ስድስት የቀረው የንባብ ክበብ፣ እና ሌሎች ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከሐረርና ከድሬዳዋ የደረሱን ደብዳቤዎች አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል። ጠያቂዎቹ የፍልስፍና ተማሪዎችና መምህራን ናቸው፤ የሚጠይቁት ግን ወንበር ስለ መደርደር፣ እንግዳ ስለ መጥራት፣ ስለ ሰዓትና ስለ ማይክ ነው። እኛም ደስ ብሎን መለስን። ሰው ያልመጣበት ንግግር፣ የቱንም ያህል ቢጠልቅ፣ ለግድግዳ የተነገረ ነው።

«ሐረር የምንማር የፍልስፍና ሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ነን። ጥቅምት ላይ የንባብ ክበብ ስንከፍት አርባ ሰው መጣ። በሳምንት አንድ ምዕራፍ እያነበብን ስንገናኝ በአምስተኛው ሳምንት ስድስት ብቻ ቀረን። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትነው?»

በመጀመሪያ ስድስቱን አትናቁ። አርባ ሰው ስብሰባ እንጂ የንባብ ክበብ አይሆንም። ሒሳቡን አስሉት፦ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ አርባው ሰው ሁለት ሁለት ደቂቃ ቢናገር 80 ደቂቃ ይሄዳል፤ ለመመላለስ የሚተርፈው 10 ደቂቃ ነው። ለንባብ የሚበጀው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰው ነው።

ስህተቱ ያለው ምዕራፉ ላይ ነው። አንድ ምዕራፍ ሠላሳ ገጽ ሊሆን ይችላል። ተማሪው ፈተናና አሳይመንት ተደራርቦበት አሥሩን ገጽ ያነባል፤ ውይይቱ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት «ሳላነብ ምን ፊት ይዤ እሄዳለሁ» ብሎ ይቀራል። ሰዉን ያስቀረው ስንፍና ሳይሆን እፍረት ነው። እፍረቱን የሚያነሣው ደግሞ የቤት ሥራውን ማንሣት ነው። ከሦስት እስከ አምስት ገጽ የሚሆን ጽሑፍ ምረጡና እዚያው ተቀምጣችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ማንም ተዘጋጅቶ መምጣት አይጠበቅበትም።

አራት ገጽ በሁለቱም በኩል ሲታተም ሁለት ወረቀት ነው፤ ለአሥራ ሁለት ሰው 24 ወረቀት ይበቃል። ኮፒ ከማስነሣታችሁ በፊት በዋናው ላይ በየአምስተኛው መስመር ጎን ቁጥር ጻፉ፦ 5፣ 10፣ 15 እያላችሁ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ቁጥር በሌለው ጽሑፍ ላይ «እዚያ ታች ያለው፣ አይ ሁለተኛው አንቀጽ» እየተባለ የሚባክነው ጊዜ ብዙ ነው። «መስመር 35» ሲባል ሁሉም ዐይን አንድ ቦታ ያርፋል።

አንድ ሰው አንድ አንቀጽ ያነባል፤ ከዚያ በራሱ ቋንቋ «ሰውዬው ያለው እንዲህ ነው» ይላል። ቅደም ተከተሉ ምን አለ፣ ለምን አለ፣ ይይዛል ወይ የሚል ነው። ጠብ ሁሉ የሚነሣው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተዘልለው ሦስተኛው ላይ ሲዘለቅ ነው፤ ሁለት ሰው ግማሽ ሰዓት ተሟግቶ መጨረሻ ላይ የተለያየ ነገር አንብቦ ይገኛል። በአንድ ሰዓት ተኩል አራት ገጽ ካላለቀ ችግር የለውም። ሁለት ገጽ በደንብ ቢነበብ ይሻላል።

ሰብሳቢው በየሳምንቱ ይቀየር። አንድ ሰው ለሦስት ሳምንት ከሰበሰበ ክበቡ የእሱ ይሆናል፣ ሌላው እንግዳ ይሆናል። ጸሐፊም ይኑር፤ ቃለ ጉባኤ ግን አይጻፍ። ሳይፈቱ የቀሩትን ሦስት ጥያቄዎች ብቻ ይመዝግብ፤ የሚቀጥለው ሳምንት በእነሱ ይከፈታል። መምህር ከተገኘ በመጀመሪያዎቹ 40 ደቂቃዎች እንዳይናገር በትሕትና ለምኑት። መምህሩ አፉን ከከፈተ በኋላ ተማሪው ጽሑፉን ትቶ የእሱን ፊት ነው የሚያነበው።

ለቀረው ሰው ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻችሁም፤ የሐረሪዎቹ አፎቻ አጠገባችሁ ነው። በሠርግም በለቅሶም የሚደጋገፈው ያ ማኅበር ጸንቶ የቆየው አባል ሲቀር ቀረ ተብሎ ስለማይታለፍ ነው። ሁለት ሳምንት የጠፋን ሰው «ምነው፣ ደኅና ነህ?» ብሎ የሚደውል አንድ አባል መድቡ። ጥያቄው ስለ ንባቡ አይሁን፤ ስለ ሰውዬው ይሁን። የፈተና ሳምንት ሲመጣም ክበቡን በይፋ ዝጉና የሚከፈትበትን ቀን በዚያው ማስታወቂያ ላይ ጻፉ። ሳይነገር የተዘለለ አንድ ሳምንት ሁለት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ክበቡ አለ ብሎ የሚያምን ሰው የለም።

«ስለ ፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ፣ በግእዝ ስለ ተጻፈው የፍልስፍና ድርሰት፣ ክርክር አዘጋጅተን ነበር። ‹የኛ ነው› እና ‹የፈረንጅ መነኩሴ ሥራ ነው› በሚል ለሁለት ተከፍለን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዘለፋ ሆነ። ርዕሱን ብንተወው ይሻላል?» (የክርክር ክበብ፣ ድሬዳዋ)

ኧረ አትተዉት! በዚህች አገር የፍልስፍና ክፍል ውስጥ ከዚህ የተሻለ የክርክር ርዕስ አይገኝም። የተበላሸው አቆራረጡ ነው። ሦስት ጥያቄ በአንድ ከረጢት ከታችሁ አንዱን ስትጎትቱ ሌላው እየተከተለ ነው የተጣላችሁት።

መጀመሪያ ሁለቱም ወገን የሚቀበለውን በሰሌዳ ላይ ጻፉ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ድርሰቱ ራሱ እንደሚለው ጸሐፊው በ1599 አክሱም አጠገብ ተወለደ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ ቆየ፤ በኋላ እንፍራዝ ተቀምጦ በ1667 ጻፈው። ጽሑፉን በ1850ዎቹ ለፈረንሳዊው ሰብሳቢ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ካፑቺን (የካቶሊክ መነኩሴ) ሚሲዮናዊ ነው፤ ቅጂዎቹ ዛሬ ፓሪስ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ጀርመናዊው ምሁር ኤኖ ሊትማን ግእዙን በ1904 አሳተመ። በ1920 ጣሊያናዊው ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው ብሎ ተነሣ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ጀስዊት ማኅበር አባል) ክሎድ ሰምነር በ1970ዎቹ የኢትዮጵያዊነቱን ወገን ይዞ በሰፊው ተከራከረ። ሙግቱ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

አሁን ሦስቱን ለዩ። አንደኛው ቅጂዎቹ መቼና በማን እጅ ተጻፉ የሚል ነው፤ ይህ የብራናና የእጅ ጽሑፍ ዐዋቂ ጉዳይ ስለሆነ እናንተ የምትችሉት የሌሎችን ማስረጃ መመዘን ብቻ ነው። ሁለተኛው ድርሰቱ የማን ነው የሚል የታሪክና የቋንቋ ጥያቄ ነው። ሦስተኛው ግን የናንተው የሙያ ጥያቄ ነው፦ በውስጡ ያለው ሙግት ይይዛል ወይ? ሐተታው የየሃይማኖቱ ሰው ሁሉ የኔ ነው ትክክሉ ሲል ዳኛው ማን ሊሆን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ፈጣሪ ለሰው ሁሉ የሰጠው የልቡና ብርሃን ነው ወደሚል መልስም ይሄዳል። ይህ መልስ ራሱ ከተከራካሪዎቹ እንደ አንዱ አይሆንም ወይ? እዚህ ላይ አንድ ማታ ሙሉ መሟገት ይቻላል፤ የደራሲው የትውልድ ቦታ ግን ሙግቱን አያጠናክረውም፣ አያደክመውም። «የኛ ስለሆነ ትልቅ ነው» ያለውም፣ «የፈረንጅ ከሆነ ዋጋ የለውም» ያለውም የሠሩት ስህተት አንድ ነው፤ ሐሳብን በመነሻው ብቻ መዳኘት። ስለዚህ ሦስተኛውን ጥያቄ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሁለተኛውን በሚቀጥለው አድርጉት። በአንድ ማታ ሁለቱን አትደርቡ።

ለአካሄዱ ከፈረንጅ ደንብ ይልቅ የበላ ልበልሃን ሥርዓት እንመርጣለን። የጥንቱ ተሟጋች ባላጋራውን «ተጠየቅ» ብሎ ሲይዘው ሌላው ተራውን ጠብቆ ነበር የሚመልሰው፤ ቋንቋው ቢያምርም ነጥቡን ካልነካ ዳኛው አይለቀውም። በዚያው መንፈስ በየወገኑ ሁለት ሰው መድቡ፤ ሁለቱም ወገን ሁለቱንም ጎን ተዘጋጅቶ ይምጣና የትኛውን እንደሚይዝ በዕለቱ ሳንቲም ይወስን። ይህ አንዱ ትልቅ መድኃኒት ነው፤ በሳንቲም የደረሰውን አቋም ማንም የእናቱ ስም እንደተነካ አያደርገውም። ለየወገኑ 6 ደቂቃ ማቅረቢያ፣ 3 ደቂቃ ተጠየቅ፣ 4 ደቂቃ መልስ ስጡ። በድምሩ 26 ደቂቃ ነው። ከዚያ 30 ደቂቃ ለታዳሚው።

አንድ ሕግ ግን ጠበቅ አድርጉ፦ ማንም መልስ ከመስጠቱ በፊት ባላጋራው ያለውን ይድገም፤ ባላጋራው «አዎ፣ ያልኩት ይኼንኑ ነው» እስኪል ድረስ መልሱ አይጀመርም። መጀመሪያ ላይ አሰልቺ ነው፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ ያስደግማል። ዘለፋን የሚቀንሰው ግን ከዳኛው ተግሣጽ ይልቅ ይኼ ነው፤ ሰው በደንብ እንደተሰማ ካወቀ ድምፁን አይጨምርም። የታሪክ ነገር የሚጠቅስ ሁሉ ማን እንዳለውና በየትኛው ዓመት እንደሆነ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ። ዳኛው ከሕግ ወይም ከታሪክ ክፍል ቢመጣ ጥሩ ነው። መጨረሻ ላይ ማን አሸነፈ ብላችሁ አታስጨብጭቡ፤ ከክርክሩ በፊትና በኋላ በወረቀት ድምፅ ስጡና ሐሳባቸውን ከቀየሩት ሁለቱን ለምን እንደቀየሩ ጠይቋቸው። ከመድረኩ ንግግር ሁሉ የሚበልጠውን አንዳንድ ጊዜ እነሱ ይሉታል።

«የዓለም የፍልስፍና ቀንን ከአዲስ አበባ እንግዳ ጋብዘን ልናከብር አስበናል። ባለፈው እንግዳው ዘግይቶ ደረሰ፣ መብራት ጠፋ፣ ቡናውም ሰው ከሄደ በኋላ ደረሰ። ከየት እንጀምር?» (የትምህርት ክፍል ኮሚቴ፣ ድሬዳዋ)

ከቀን መቁጠሪያው ጀምሩ። በዓሉ በ2002 እ.ኤ.አ. ነው መከበር የጀመረው፤ የዩኔስኮ ጠቅላላ ጉባኤ በ2005 አጸደቀው። ቀኑ በፈረንጆቹ ኅዳር ሦስተኛው ሐሙስ ስለሆነ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ከኅዳር 6 እስከ 12 ባለው ውስጥ ይውላል፤ በ2019 ዓ.ም. ኅዳር 10 ነው። እንደ 2017 ዓ.ም. ኅዳር 12 ላይ ሲወድቅ ከኅዳር ሚካኤል ጋር ይጋጫል፤ ያኔ ወደ ረቡዕ መሳብ ነው። «ትንሽ እናዘግየውና ታኅሣሥ ላይ» የሚል ካለ ግን አስጠንቅቁት። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ነው። በዚያ ሳምንት በድሬዳዋም በሐረርም አልጋ ማግኘት፣ በመንገዱም በጊዜ መድረስ ዘበት ነው።

ሰዓቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሁንና 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይለቅ። ከዐስር ሶላት በኋላ ይጀምራል፣ ከመግሪብ በፊት ያልቃል፣ ፀሐዩም በርዷል። ይህን ሳታዩ 11 ሰዓት ላይ ጀምራችሁ ግማሹ አዳራሽ መሐል ላይ ሲነሣ እንግዳው ንግግሩ ያስቀየማቸው ይመስለዋል።

ደብዳቤው ስምንት ሳምንት ቀድሞ ይውጣ። አበልና የጉዞ ወጪ በማን በኩል እንደሚከፈል በደብዳቤው ላይ ካልተጻፈ ፋይናንስ ጋ ሄዶ መቀመጡ አይቀርም። እንግዳው በዋዜማው ይግባ፤ በዕለቱ ጠዋት በረራ ላይ የተንጠለጠለ ፕሮግራም አንድ መዘግየት ያፈርሰዋል። ሐረር የምታዘጋጁም ከሆነ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ድሬዳዋ ስለሆነ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን የደንገጎን ዳገትና የዐወዳይን ግርግር ጨምራችሁ አስቡ። የሚቀበለው ሰው አንድ ይሁን፤ ሦስት ሰው ከተመደበ ሦስቱም አንዱ ሄዷል ብለው ይቀራሉ።

እንግዳው 35 ደቂቃ ይናገር። ጽሑፉን ወይም ዋና ዋና ነጥቦቹን ከዐሥር ቀን በፊት እንዲልክ ጠይቁና ሁለት ተማሪዎች አንብበው አምስት አምስት ደቂቃ ምላሽ ይስጡ። ከንግግር በኋላ የሚመጣውን «ጥያቄ ያለው?... ጥያቄ የለም?» የሚል አስጨናቂ ዝምታ የሚሰብረው ይኼ ነው። ለመብራቱ መፍትሔው ጄኔሬተር ብቻ አይደለም። ንግግሩ በአንድ ገጽ ታጥፎ በሁሉም እጅ ካለ ፕሮጀክተሩ ቢጠፋም ሰው አይጠፋም።

ስለ ትንንሾቹ ነገሮች፦ ለማይኩ ሁለት ቅያሪ ባትሪ፣ 10 ሜትር ማራዘሚያ ገመድ፣ ከሁሉም በላይ የአዳራሹ ቁልፍ። ቁልፉ ማን እጅ እንዳለ በዋዜማው በስም እወቁ፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቁልፍ ያዡ ተፈልጎ የማይገኝበት ምክንያት አያልቅም። 60 ሰው ከጠበቃችሁ 50 ወንበር ደርድሩ፤ የቀረውን ከኋላ ቆልሉት። ሰው ሲመጣ ወንበር መጨመር ደስ ይላል፤ ባዶ ወንበር ማየት ግን ተናጋሪውንም ታዳሚውንም ያቀዘቅዛል።

ቡናው የዘገየው በሒሳብ ነው። ለ80 ሰው አንድ አንድ ሲኒ፣ ለሲኒው ወደ 7 ግራም ብትይዙ 560 ግራም የተቆላ ቡና ትፈልጋላችሁ፤ ሲቆላ ክብደቱ ስለሚቀንስ 700 ግራም ያህል ጥሬ ግዙ። አንድ ጀበና ዐሥር ሲኒ ቢቀዳ ስምንት ጀበና ነው። ሁለት ጀበና ብቻ ካላችሁና አንዱ ዙር 20 ደቂቃ ከወሰደ የመጨረሻው ሰው የሚጠጣው ከ80 ደቂቃ በኋላ ነው። ስለዚህ ንግግሩ ሲጀመር ቡናው አብሮ ይጣድ፣ የደረሰው ወደ ፔርሙዝ ይገልበጥ። ቆሌው ተነካ የሚሉ ይኖራሉ። የሥርዓቱን አንድ ጀበናና ዕጣኑን ለዐይንና ለአፍንጫ በር ላይ ተዉት። ሐረር ከሆነ ሆጃ የሚባለውን የሐረር ትኩስ መጠጥ በትልቅ ድስት ማፍላት ይቀላል።

«ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄ ሲባል ሁለት ወንዶች ማይኩን ይዘው ሐተታ ያቀርባሉ፣ ሌላው ዝም። እኛ ሴቶቹ ደግሞ ከአዳራሽ ውጭ ነው የምናወራው።» (የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ድሬዳዋ)

ውጭ የምታወሩት ነው አዳራሽ ውስጥ መግባት ያለበት። በ10 አገሮች የተካሄዱ 247 ሴሚናሮችን ያየ አንድ ጥናት በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ወንድ ከጠየቀ በዚያ ሴሚናር ሴቶች የሚጠይቁት እንደሚያንስ አሳይቷል። ሰብሳቢው የመጀመሪያውን ዕድል ለሴት ይስጥ። ያ ብቻውን ግን አይበቃም። ንግግሩ እንዳለቀ ማይኩን ከማዞር በፊት ሦስት ደቂቃ ስጡና ሰው ከጎኑ ካለው ጋር ያውራ። አንድ ጊዜ ጮክ ተብሎ የተነገረ ጥያቄ ለሁለተኛ ጊዜ ለመናገር አያስፈራም።

ማይክ አሳልፋችሁ አትስጡ፤ አንድ ሰው ይዞት ይዙር፣ ይያዝላቸው። የያዘው እጅ የጠያቂው ካልሆነ ሐተታው ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ማይክ የማይወድ በወረቀት ይጻፍ፤ አንድ ኤ4 ለአራት ሲቆረጥ 20 ወረቀት ለ80 ሰው ይበቃል። በወረቀቱ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በፈለገው ይጻፍ፤ ሰብሳቢው አጠገብ የሚያነቡለት ሁለት ሰዎች ይቀመጡ። ድሬ ላይ ሦስት ቋንቋ የሚሰማ ሰው ማግኘት ለሌላ ከተማ እንደሚከብደው አይከብድም። በመግቢያው ላይ የሚታደለው ገጽም ዐሥር ያህል ቃላት ይኑሩት፦ ኤፒስተሞሎጂ ሥነ ዕውቀት፣ ሜታፊዚክስ ዲበ አካል፣ ሎጂክ አመክንዮ እያለ። ብዙ ሰው ዝም የሚለው ሐሳብ አጥቶ ሳይሆን ቃሉ እንዳይሳሳትበት ፈርቶ ነው።

«ከሰዓት በኋላ ውይይት ስንጠራ ግማሹ ሰው በርጫ ላይ ነው። ውይይቱን ራሱ እዚያ ብናደርገውስ?» (ድሬዳዋ)

ይቅርባችሁ። የማይቅመው ሰው፣ በተለይ ብዙዎቹ ሴት ተማሪዎች፣ በሩ ላይ ይቀራል። ደግሞም በምርቃና ሰዓት ሁሉም ሙግት ይይዛል፤ ጨብሲ ላይ ሲደረስ መነሻውን የሚያስታውሰው የለም። እዚያ ጥሩ ሐሳብ ከመጣ በሁለት መስመር ይጻፍና ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይምጣ። በዚያ ሰዓት ከቆመ እውነትም ሐሳብ ነው። ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ግን ስብሰባ አትጥሩ፤ ከበርጫ ጋር ተፎካክሮ ያሸነፈ ክበብ አናውቅም።

«የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ የሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ኮርስ ይወስዳሉ፤ ብዙዎቹም ይፈሩታል። ክበባችን እንዴት ሊረዳቸው ይችላል?» (መምህር፣ ሐረር)

መምህር፣ ተጨማሪ ሌክቸር እንዳያደርጉት ብቻ። ቤተ መጻሕፍት አጠገብ አንድ ጠረጴዛና አንድ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ይበቃል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ይቀመጡ። የመጣው ተማሪ አንድ ጥያቄ ይዞ ይምጣ፣ ዐሥር ደቂቃ ያግኝ፤ አሳይመንት ግን አይሠራለትም።

ብዙዎቹ የሚወድቁት ምልክቶቹ ላይ ሳይደርሱ ነው፤ ማጠቃለያው የቱ እንደሆነ ሳይለዩ ይጀምራሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማጠቃለያውን ማስመር ነው። ከ«ስለዚህ» በኋላ የሚመጣው እሱ ነው፤ «ምክንያቱም» ካለ ደግሞ ከፊቱ ያለው ነው። ሁለተኛው ሥራ ቅርጹን ሳይነኩ ይዘቱን መቀየር ነው። ተማሪው ይህን ይዞ መጣ እንበል፦ «የድሬ ልጅ ሁሉ ሙቀት ይችላል። ይህ ልጅ ሙቀት ይችላል። ስለዚህ ይህ ልጅ የድሬ ልጅ ነው።» ጆሮ ላይ ደኅና ነው፣ ማጠቃለያውም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ነው የሚያታልለው። ስሕተቱን በቃል ከማስረዳት ይልቅ «ይህ ልጅ» የሚለውን አጥፍተው በቦታው «ይህ ግመል» ብለው ይጻፉበት፦ የድሬ ልጅ ሁሉ ሙቀት ይችላል፣ ይህ ግመል ሙቀት ይችላል፣ ስለዚህ ይህ ግመል የድሬ ልጅ ነው። ሁለቱ መነሻዎች እንደቆሙ ማጠቃለያው ወደቀ። ከዚያ ተማሪው የራሱን ምሳሌ ይሥራ፤ አንድ ከሠራ ገብቶታል፣ ካልሠራ ሌላ ዐሥር ደቂቃ ይጨመርለት። ግመሉ እስከሚቀጥለው ቀን ሰሌዳው ላይ ቢያድር አይከፋም፤ የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ ያነበዋል።